ከመርፌው የተረፈችው ጠብታ

ጅማ ውስጥ አንገቱ ላይ እባጭ የወጣበት ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ቲቢ ይሆናል» የሚል ነው። ጎረቤት ይለዋል። ጤና ጣቢያ ይለዋል። እኔም ብዙ ጊዜ እለዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። በአገራችን ከሳንባ ውጭ የሚይዘው ቲቢ ብዙ ነው፤ ከእሱም ውስጥ የንፍፊት ቲቢ ግንባር ቀደሙ ነው። ስለዚህ አንገት ላይ ያበጠ ነገር አይቶ ቲቢን ያሰበ ባለሙያ አይፈረድበትም።

እንቅልፍ የሚነሱኝ ሌሎቹ ናቸው። የቲቢውን መድኃኒት 6 ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳያዛንፉ ውጠው እባጩ ያልጠፋላቸው። ጭራሽ ብብትና ብሽሽት ላይ የጨመረባቸው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት፤ ምልክቱ ከቲቢ ጋር አንድ ነውና ማንም አልጠረጠረም። ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከበደሌ፣ ከዳውሮ፣ ከአጋሮ ገጠር ተነስተው ጅማ የሚደርሱት ይህን ሁሉ አልፈው ነው። ከእነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ ያለባቸው ሊምፎማ ነው፤ የሊምፍ ሴሎች ካንሰር። ሊምፎማ ደግሞ በጊዜ ከተደረሰበትና ዓይነቱ በትክክል ከታወቀ ለመድኃኒት ከሚሸነፉ ካንሰሮች አንዱ ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

እኔ የፓቶሎጂ ሐኪም ነኝ። በመርፌ የተወሰደ ናሙና ስላይድ ላይ አይቼ ምን እንደሆነ መናገር ሥራዬ ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን ያንን ሥራ ስንጨርስ መርፌው ውስጥ ስለምትቀረው ጠብታ ነው። በብዙ ቦታ ከመርፌው ጋር ትጣላለች። መጣል የለባትም።

ኤፍ ኤን ኤ፣ ማለትም በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ፣ የታዘዘለት ሰው ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ይፈራል። መርፌው ግን ደም ከሚቀዳበት ይቀጥናል። እባጩን በሁለት ጣት አጥብቄ እይዛለሁ፣ እንዳይንሸራተት። ቆዳው በአልኮል ይጠረጋል። መርፌውን አስገብቼ እባጩ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ቶሎ ቶሎ አንቀሳቅሰዋለሁ። የመርፌው ራስ ላይ ትንሽ ነገር ብቅ ስትል ወዲያው አወጣለሁ። ጥቂት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ከዚያ መርፌውን ከሲሪንጁ እነጥላለሁ፣ ሲሪንጁ ውስጥ አየር እስባለሁ፣ መልሼ እገጥመዋለሁ፣ ያገኘሁትን ስላይድ ላይ ገፋ አደርጋለሁ። ጠብታዋ በሌላ ስላይድ ስስ ተደርጋ ትዘረጋለች። አንዱ ስላይድ አየር ላይ ይደርቃል፤ የራይት ወይም የጊምዛ ቀለም ይጠብቀዋል። ሌላው ሳይደርቅ አልኮል ውስጥ ይገባል። ቢጫ መግል ከወጣ ልቤ ወደ ቲቢ ያዘነብላል፤ መግሉን ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው የቲቢ ምርመራ እልከዋለሁ። ነጣ ያለ ወፍራም ፈሳሽ ከወጣ ግን ቆም ብዬ አስባለሁ።

ማይክሮስኮፕ ስር ስንቀመጥ ቀላል ቀናት አሉ። ከሌላ ቦታ ተነስቶ ንፍፊት ውስጥ የገባ ካንሰር ብዙ ጊዜ ራሱን አይደብቅም። ግራኑሎማ የምንለው የቲቢ የሴሎች ክምችትም እንደዚያው። የሚከብደው ስላይዱ ሙሉ ትናንሽ ሊምፎሳይት፣ ማለትም የሊምፍ ሴል፣ ሲሆን ነው። ትንሽ፣ ክብ፣ ኒውክለሱ የጠቆረ፣ ምንም ክፋት የማይታይበት ሴል። በጉሮሮ ቁስል ምክንያት ባበጠ ንፍፊት ውስጥ ያለው ይኸው ሴል ነው። ቀስ እያለ በሚሄድ ሊምፎማ ውስጥ ያለውም ይኸው ነው። የቱንም ያህል የሠለጠነ ዓይን እዚህ ጋ ይቆማል። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ «የሊምፍ ሴሎች ያልተለመደ መብዛት ሊሆን ስለሚችል እባጩ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ይመርመር» ተብሎ ይጻፋል።

ሳይንሱን ለሚያውቅ ይህ አረፍተ ነገር ትክክል ነው። ሙሉ ንፍፊት ወጥቶ መመርመሩ እስከ ዛሬም የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ለታካሚው ግን ሌላ ነገር ማለት ነው። የቀዶ ሕክምና ወረፋ ማለት ነው። የአስታማሚ ማደሪያና ምግብ ማለት ነው። ሁለተኛ ምልልስ፣ ሁለተኛ ትራንስፖርት ማለት ነው።

ከአጋሮ ወዲያ የመጡ አንድ አባት አሉ፣ ከሐሳቤ የማይወጡ። እባጩ አንገታቸው ግራና ቀኝ፣ ብብታቸውም ስር ነበር። አያማቸውም። የደም ቆጠራቸው ደህና ነው። ስላይዱ ላይ ያሉት ትናንሽ ሊምፎሳይቶች ብቻ ናቸው። እባጩ መውጣት እንዳለበት ስነግራቸው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጃቸው አቀረቀረ።

«ዶክተር ልጄ፣ አሁን የወጋኸኝ መርፌ አላየውም እንዴ?» አሉኝ።

«መርፌውስ ወስዷል አባቴ። ለይቶ የሚነግረን መሣሪያ ነው የጎደለን።»

«እንግዲያው ቡናው ይለቀምና እንመጣለን፣ ኢንሻአላህ።»

ሲመለሱ አላየሁም።

የእሳቸው ጥያቄ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። መርፌው የሚያስፈልገውን ነገር ይዞ ወጥቷል። ስላይድ ላይ ስናደርቀው ቅርጹን ብቻ ነው የምናየው። እያንዳንዱ ሴል ላዩ ላይ የተሸከማቸው ፕሮቲኖች አሉ፤ መልሱ ያለው እነሱ ላይ ነው። እነሱን የሚያነበው መሣሪያ ፍሎው ሳይቶሜትር ይባላል።

ስሙ ለብዙ ሰው አዲስ ነው። ሥራው ግን አዲስ አይደለም። ሲዲ ፎር የተቆጠረለት ሰው ሁሉ በዚህ መሣሪያ ዓይነት አልፏል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ «ሲዲ ፎርሽ ስንት ደረሰ?» የእህትና የወንድም ወሬ ሆኖ ነበር። ከ200 በታች ከሆነ ጭንቀት ነው፤ ከፍ ካለ እልል ነው። ያንን ቁጥር ያወጡ ከነበሩት ማሽኖች አብዛኞቹ ፍሎው ሳይቶሜትሮች ናቸው። የምንቆጥረው አንድ ነገር ብቻ ስለነበር ሌላ ምን ማንበብ እንደሚችሉ ብዙዎቻችን አላሰብንበትም።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ሴሎቹ ፈሳሽ ውስጥ ሆነው በሰልፍ፣ አንድ በአንድ፣ በሌዘር ብርሃን ፊት ያልፋሉ። በሰከንድ ብዙ ሺህ ሊያልፉ ይችላሉ። ብርሃኑ ሴሉን ሲመታ ይበተናል። ወደፊት የሚበተነው የሴሉን ትልቅነት ይናገራል። ወደ ጎን የሚበተነው ደግሞ ውስጡ ምን ያህል ጥራጥሬ እንዳለው። ከዚያ በፊት ሴሎቹ የሚያበራ ቀለም ከተለጠፈባቸው አንቲቦዲዎች ጋር ተደባልቀው ቆይተዋል። አንዱ አንቲቦዲ አንድ ፕሮቲን ብቻ ነው የሚይዘው። ሲዲ 45 ያለው ሴል የነጭ ደም ሴል ወገን ነው። ሲዲ 3 ካለው ቲ ሴል የሚባለው የሊምፎሳይት ዓይነት ነው። ሲዲ 19 እና ሲዲ 20 ካሉት ሌላው ዓይነት፣ ቢ ሴል ነው። እንዲህ አንድ ነገር ብቻ የሚለዩ አንቲቦዲዎችን እንደ ልብ ማምረት የተቻለው ሳይንቲስቶቹ ኮለርና ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 ዘዴውን ካሳዩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ፕሮቲኖቹን «ሲዲ» ብለን በቁጥር የምንጠራበት ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በ1982 ፓሪስ ላይ ከተደረገ ስብሰባ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ቢ ሴል ሁሉ ላዩ ላይ ካፓ ወይም ላምዳ የሚባል የፕሮቲን ሰንሰለት አለው። ሁለቱን ባንዴ አይዝም፤ አንዱን መርጦ ነው የሚይዘው። የዛ ሴል ልጆችና የልጅ ልጆችም ያንኑ ይይዛሉ። በጤነኛ ንፍፊት ውስጥ፣ ወይም በኢንፌክሽን ምክንያት ባበጠ ንፍፊት ውስጥ፣ ሁለቱም ዓይነት ተደባልቆ ይገኛል። ካፓው ብዙ ጊዜ ከላምዳው በለጥ ይላል፣ እስከ እጥፍ ድረስ። የቢ ሴል ሊምፎማ ሲሆን ግን ያበጠውን ነገር የሞሉት ቢ ሴሎች ሁሉም ከአንድ እናት ሴል የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ ሁሉም ካፓ ናቸው። ወይ ሁሉም ላምዳ።

ይህን መጀመሪያ በዓይኔ ያየሁት ለስልጠና በሄድኩበት ላብራቶሪ ነው። ስክሪኑ ላይ እያንዳንዱ ሴል አንድ ነጥብ ነው። ባለሙያዋ ቢ ሴሎቹን ብቻ ለየችና ካፓን በአንድ በኩል፣ ላምዳን በሌላ በኩል አደረገች። የመጀመሪያው ናሙና ነጥቦቹን በሁለት ቦታ አከማቸ፤ ሁለት ደመና። «ይሄ ሪአክቲቭ ነው» አለች፤ ካንሰር ሳይሆን በሌላ ምክንያት ያበጠ ማለቷ ነው። ሁለተኛውን ከፈተች። የላምዳው ቦታ ባዶ ነው። ነጥቦቹ በሙሉ ካፓ ጋ ተከማችተዋል። ስላይዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። በእኔ ዓይን ያን ያህል ልዩነት አልነበራቸውም። የአጋሮው አባት ትዝ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ዓይነቱን መለየት አለ። ቢ ሴሉ ሲዲ 5 እና ሲዲ 23 ይዞ፣ ሲዲ 20 ደብዘዝ ካለ፣ አዛውንቶች ላይ የሚበዛው ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት ነው፤ ደም ውስጥ ሲታይ ሲኤልኤል የምንለው። ሲዲ 5 ኖሮ ሲዲ 23 ከሌለ፣ ሲዲ 20ው ደግሞ ደማቅ ከሆነ፣ ማንትል ሴል የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ እሱ አካሄዱ ይከፋል፣ ማረጋገጫም ይፈልጋል። ሲዲ 10 ካለ ፎሊኩላር ወይም በርኪት የሚባሉት ሊምፎማዎች ይታሰባሉ። ሁለቱን የሚለያቸው የሴሉ መልክና የታካሚው ዕድሜ ነው። መንጋጋው ያበጠ ልጅና አንገታቸው ላይ ለዓመታት እባጭ ይዘው የኖሩ እናት አንድ ዓይነት በሽታ የላቸውም። ሲዲ 20 ደግሞ ለምርመራ ብቻ አይደለም የሚያገለግለው። ሪቱክሲማብ የሚባለው መድኃኒት የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ሆኗል።

ይህን ሁሉ የምታደርገው ያቺ ከመርፌው የተረፈች ጠብታ ነች። ስላይዱን ከዘረጋን በኋላ መርፌውን በሴል ማቆያ ፈሳሽ ማጠብ ነው። አርፒኤምአይ የሚባለው ካለ እሱ፣ ከሌለና ቶሎ የሚደርስ ከሆነ ኖርማል ሳላይን። ፈሳሹን በመርፌው ወደ ላይ መሳብ፣ ወደ ቱቦው መመለስ። ንጹሕ የነበረው ፈሳሽ ደፍረስ ካለ ሴል አለ ማለት ነው። ካልደፈረሰ ሌላ ቦታ አንዴ መውጋት ነው፤ ታካሚው ገና እዛው ተቀምጧል። ለንፍፊት የሚሆን ጥሩ ልማድ፣ አንዱን ውጊያ ሙሉ በሙሉ ለዚህ ማዋል ነው።

ፎርማሊን ውስጥ ግን እንዳይገባ! ይህን ጮክ ብዬ ብናገረው ደስ ይለኛል። ናሙና እንዳይበሰብስ የሚጠብቀው ፎርማሊን ለቲሹ ወዳጅ ነው፤ ለዚህ ምርመራ ግን ጠላት ነው። ሴሎቹ በሕይወት መድረስ አለባቸው። ከዓመታት በፊት ከአንድ ጤና ተቋም የመጣ ናሙና ትዝ ይለኛል። ሐኪሙ ጥርጣሬውን አሳምሮ ጽፏል፣ ወጣት ነው፣ ደረቱ ውስጥ ትልቅ እባጭ አለው፣ በአልትራሳውንድ እየታየ በብዙ ድካም የተወሰደ ነው። በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ ነበር። ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም። የለመድነው እሱን ስለሆነ ነው። ናሙና ማለት ፎርማሊን፣ ፎርማሊን ማለት ናሙና ተብሎ ነው ሁላችንም የተማርነው።

ወፍራሙ መርፌ፣ ኮር ባዮፕሲ የምንለው፣ ሲኖር ደግሞ ሁለቱንም ማግኘት ይቻላል። ቀጭን የቲሹ ዘንግ ነው የሚያወጣው። ዘንጉን መጀመሪያ ሴል ማቆያው ፈሳሽ ውስጥ ቀስ አድርጎ ማጠብ፣ የረገፉትን ሴሎች ለፍሎው ማስቀረት፣ ከዚያ ዘንጉን ፎርማሊን ውስጥ ማስገባት። ቲሹው አይጎዳም። ከአንድ ውጊያ ሁለት መልስ።

ይህን ሁሉ ስል ማሽኑ ሁሉን ያያል እያልኩ አይደለም። የማያየውን የማያውቅ ሰው እጅ ከገባ አደገኛ ነው። በተለይ ሆጅኪን።

ሆጅኪን ወጣቶችን ይወዳል። ከቲቢ ጋር በጣም የሚምታታው፣ ከዳኑበትም በኋላ ብዙ ዓመት የሚያኖረው ሊምፎማ እሱ ነው። ግን ክፉዎቹ ሴሎች በጣም ጥቂት ናቸው፤ እባጩን የሞሉት ሌሎች ጤነኛ ሴሎች ናቸው። ክፉዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ቲ ሴሎች ከበው ያቅፏቸዋል። የተለመደው የፍሎው አሠራር አያገኛቸውም። ማሽኑ «የተደባለቁ ሊምፎሳይቶች፣ ሁለቱም ሰንሰለት አለ» ይላል። ያልተጠነቀቀ ሰው «ሊምፎማ የለም» ብሎ ይተረጉመዋል። ልጁም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ የ20 ዓመት ልጅ ደረቱ ውስጥ እባጭ ኖሮት ፍሎው ምንም ባያገኝ፣ ስላይዱን ደግሜ እፈትሻለሁ፤ ሁለት ኒውክለስ ያለው ትልቅ ሴል እፈልጋለሁ። ባጣውም እባጩ እንዲወጣ እጽፋለሁ። ለዚህ ታካሚ ያ አረፍተ ነገር አሁንም ይጻፋል።

ትልልቅ ቢ ሴል ያለው ሊምፎማም ያስቸግራል። ሴሎቹ ተሰባሪ ናቸው፣ በዝግጅቱ ላይ ይጠፋሉ፤ የእባጩ መሐል ሞቶ ከሆነ ደግሞ መርፌው ሬሳ ነው የሚያወጣው። ቲ ሴሎች እንደ ካፓና ላምዳ ያለ ቀላል መለያ አልነበራቸውም፤ በቅርብ ዓመታት ቲአርቢሲ 1 የሚባል አንቲቦዲ መንገዱን እያቀና ነው። ፎሊኩላርን በመርፌ ማወቅ ቢቻልም ደረጃውን መስጠት አይቻልም፤ ለዚያ የቲሹው አቀማመጥ መታየት አለበት። ስለ ቲቢ ደግሞ ፍሎው ምንም አይናገርም። ሪአክቲቭ ማለት ቲቢ ማለት አይደለም፤ ቲቢ አይደለም ማለትም አይደለም። ሊምፎማና ቲቢ ባንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ኤችአይቪ ባለበት ሰው ይህን መርሳት አይገባም።

እንግዲህ ስላይድ አንባቢው ከዚህ በኋላ አያስፈልግም የሚል ካለ አልስማማም። ማሽኑ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩን ከስላይዱ፣ ከዕድሜው፣ ከእባጩ ቦታ ጋር አያይዞ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ሁለቱ ካልተስማሙ ደግሞ አለመስማማታቸው ራሱ ትልቅ መረጃ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ የማምነው እንዲህ ያለውን ሪፖርት ነው፤ የስላይዱንና የፍሎውን በአንድ ወረቀት ላይ ያስታረቀውን።

ለእኛ አካባቢ ይሆናል ወይ? በእኔ እምነት ከሌላው ይልቅ ለእኛ ይሆናል። ምክንያቱም መርፌውን ቀድመን ለምደነዋል። ርካሽ ነው፣ አልጋ አይፈልግም፣ ማደንዘዣ ክፍል አይፈልግም። ከሩቅ የመጣ ሰው በመጣበት ቀን ይወጋል። ፍሎው ናሙናው በደረሰ በሰዓታት ውስጥ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ለሲዲ ፎር የመጡት ማሽኖች አንዳንዶቹ ለዚያ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ 4 የሚያበራ ቀለም ባንዴ የሚያነቡት ግን አንቲቦዲውና የሠለጠነ ሰው ካላቸው መሠረታዊውን የሊምፎማ ጥያቄ መመለስ የሚችሉ ናቸው። ሁሉንም የኤችአይቪ ታካሚ ሲዲ ፎር ሳይጠብቁ መድኃኒት ማስጀመር ከመጣ ወዲህ ቆጠራው ቀንሷል። ያንን ያህል ዓመት ሴል ሲያዘጋጁ የኖሩ የላብራቶሪ ባለሙያዎች ግን አሉ። እጃቸው ሥራውን ያውቀዋል።

ችግሩም ግልጽ ነው። አንቲቦዲዎቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ፤ መብራት ሲሄድ የሚያስጨንቁት እነሱ ናቸው። በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዙት። ጊዜያቸው ያልፋል። ማሽን ሲበላሽ መሐንዲስ ከሩቅ ይጠበቃል። ምርመራው በሌለበት ቦታ ደግሞ ናሙናው መጓዝ አለበት። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግልገል ጊቤን፣ ወልቂጤን አልፎ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ትኩስ ናሙና አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ይታገሣል። ስለዚህ ይቻላል። ግን ዓርብ ከሰዓት የተወሰደ ናሙና ቅዳሜና እሑድ መደርደሪያ ላይ ከቆየ አይቻልም። የሚያውቅ ሰው መውጊያውን ሰኞ ወይም ማክሰኞ ያደርገዋል። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም።

እባጭ ወግታችሁ ለምትልኩልን ሐኪሞች አንድ ልመና አለኝ። መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «ንፍፊት፣ ኤፍ ኤን ኤ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ዕድሜውን ጻፉ። እባጩ የት የት እንዳለ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጻፉ። ኤችአይቪ ተመርምሮ እንደሆነ፣ የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ እንደሆነና ስንተኛ ወሩ እንደሆነ ጻፉ። ቱቦው ላይ የተወሰደበትን ሰዓት ጻፉ፣ የምንሮጠው ከእሱ ጋር ነውና። ከሁሉም በላይ የአስታማሚውን ስልክ ጻፉ። የታካሚውን ብቻ ሳይሆን የአስታማሚውን፣ ኔትወርክ ባለበት ቦታ የሚውለውን ሰው። ውጤቱ በወጣ ሰዓት የምንደውለው ለእሱ ነው።